ኮምፒውተሬን ማን ዝም አሰኘው?

እናንተዬ፣ ጥርጣሬ እንደ ደባርቅ ብርድ ነው። በሩን ብትዘጉበት በመስኮት፣ መስኮቱን ብትደፍኑበት በቆርቆሮው ሥር ይገባል። አንዴ ከገባ ደግሞ ፀሐይ ብትወጣም ቶሎ አይወጣም፤ «ትንሽ ልሙቅና እሄዳለሁ» ብሎ እናንተው ላይ ይቀመጣል። እኔ ሰሞኑን በዚህ ከተማ ያልጠረጠርኩት ሰው ካለ ገና ያልተወለደ ነው። እሱንም ቢሆን እናቱን ስለማውቃት ሙሉ በሙሉ አላመንኩትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ ዓይኔ አያይም። ይህን የምነግራችሁ እንድታዝኑልኝ ሳይሆን ወጉ ያለሱ ስለማይገባችሁ ነው። ማዘን የፈለገ ለጎረቤቴ ዶሮ ይዘን፤ እሷም በተራዋ ትመጣለች።

ላፕቶፕ አለኝ። በላዩ ላይ ስክሪን ሪደር የሚባል ፕሮግራም ተጭኖበታል። ሥራው ገጹ ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ ማንበብ፣ የምነካውን ፊደል ሁሉ መጥራት ነው። «ሀ» ስነካ «ሀ» ይለኛል፤ ስሳሳት ስህተቴን ያለ ምንም ሐፍረት ያነብልኛል። አማርኛው ጥርሱን ያወለቀ ዲያቆን ዓይነት ነው፤ ይቸኩላል፣ ይውጣል፣ ትንፋሽ መውሰጃውን አያውቅም። ግን ለመድኩት። ሰው ባሉንስ ይለምድ የለ። ያስተማረኝም ሰው የለም። ቁልፎቹን አንድ በአንድ እየነካካሁ፣ «ይቺስ ምን ታደርጋለች?» እያልኩ፣ አንዳንዴም የጻፍኩትን ሁሉ ደምስሼ እያለቀስኩ ነው የተማርኩት።

የላፕቶፑ የራሱ ድምፅ ጣሳ ውስጥ የገባች ትንኝ ስለሚመስል፣ ገመድ የሌላት ትንሽ ስፒከር ገዝቼለት ነበር። ብሉቱዝ በሚሉት በአየር እየተነጋገሩ፣ ላፕቶፑ ያሰበውን እሷ ጮክ ብላ ትናገርለታለች። ይቺን ስፒከር እትዬ ዝማም ለእህታቸው ልጅ ለትርንጎ የምርቃት ድግስ «ለአንድ ቀን» ብለው ወሰዷት።

በእኛ ሰፈር «ለአንድ ቀን» የቀን ቁጥር አይደለም፤ የአጠያየቅ ወግ ነው። ሰፌድ ለአንድ ቀን ይሄድና ባለቤቱን ረስቶ እዚያው ያረጃል። እኔም ስፒከሬን አልጠየቅኩም። ይሉኝታ የሚባል ነገር አለ። «መልሱልኝ» ብል «ምነው፣ በላናት?» ይባላል። ያውም እትዬ ዝማምን! የግድግዳ ጎረቤቴ ናቸው፤ አንድ ግቢ ውስጥ፣ አንድ የጭቃ ግድግዳ ለሁለት ይዘን የምንኖር። በእናቴ ዕድሜ ያሉ ናቸው፤ ሲያመኝ አጥሚት ያመጣሉ፣ እኔም ማታ ማታ ተረት እነግራቸዋለሁ። በዚህ መሀል ስለ ስፒከር ይወራል? አይወራም። በጆሮ ማዳመጫ እየሰማሁ ዝም አልኩ።

ከዚያ ከተማችን ውስጥ አንድ መሥሪያ ቤት የጽሕፈት ሠራተኛ ይፈልጋል ተባለ። አንድ ቦታ ብቻ፣ በተግባር ፈተና። ዐይነ ስውር የራሱን ኮምፒውተር ይዞ መፈተን ይችላል ተባለ። ይህን ሥራ እንዴት እንደፈለግሁት በምን ልንገራችሁ? ወንድሜ ከበየዳ ገብስና ድንች በጆንያ ይልክልኛል፤ እግዜር ይስጠው። ሚስቱ ግን በላከ ቁጥር «ያለፈው ጆንያ አለቀ እንዴ?» ትላለች አሉ። ደግ ጥያቄ ሊሆን ይችላል። ግን እያንዳንዷን ድንች ስልጥ ያቺ ጥያቄ ልጣጩ ውስጥ ትገኛለች። የራሴን ጆንያ ራሴ ልሙላ ብዬ ተመዘገብኩ።

በማግስቱ ትርንጎም መመዝገቧን ሰማሁ። «እሰይ፣ እግዜር ያሳካላት» አልኩ በአፌ። በሆዴ ያልኩትን ተዉት።

ፍጥነቴን ለማሻሻል በየቀኑ መለማመድ ጀመርኩ። ዝም ብሎ ፊደል መደርደር ስለሚሰለቸኝ አንድ ቀልድ ቢጤ ታሪክ መጻፍ ያዝኩ። ዶሮ ስለጠፋባት ሴት ነው። ሴትዮዋ ዶሮዋን ጎረቤት በላት ብላ ጠርጥራ በምሳ ሰዓት በየቤቱ እየዞረች፣ «ደህና ዋላችሁ» ለማለት የገባች መስላ ድስት ታሸታለች። ከራሴ ያወጣሁት ታሪክ እንዳይመስላችሁ። አምና እትዬ ዝማም ዶሯቸው ጠፍታ የእኔንም ድስት አሽትተዋል። ሽሮ ነበር፤ ሽሮነቱን እስኪያምኑ ክዳኑን ከእጃቸው አላስቀመጡም። ስማቸውን ግን አልጻፍኩም፤ «ሴትዮዋ» ብቻ ነው ያልኩት።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሴትዮዋ ሦስተኛው ድስት ላይ ጎንበስ እንዳለች ኮምፒውተሬ ዝም አለ።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ጆሮዬን ነው። አትሳቁ! ዓይን የሌለው ሰው ጆሮውን ሲያጣ ምን እንደሚቀረው አስቡት። ማዳመጫውን ነቅዬ አጨበጨብኩ፤ ተሰማኝ። የድስት ክዳን አንስቼ መታሁ፤ ተሰማኝ። ውጪ ያለ ሰው «ምን ሆነች?» ሲል እሱም ተሰማኝ። ጆሮዬ ደህና ነው። ማዳመጫውን ስመልሰው፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ «ሴትዮዋ ድስቱን» ብሎ ንባቡን ቀጠለ። በማግስቱ ጠዋት ደግሞ ዝም አለ። ትንሽ ቆይቶ ተናገረ። ማታ ላይ እንደገና ዝም። እንደ አኩራፊ ባል ሆነብኝ፤ ምክንያቱን አይናገር፣ ጨርሶም አይሄድ።

ተሸክሜው ሽባባው ዘንድ ሄድኩ። ሽባባው መናኸሪያው አጠገብ ኮምፒውተር የሚጠግን ጎልማሳ ነው፤ ለበሽታ ሁሉ አንድ መድኃኒት ያውቃል፤ አጥፍቶ ማብራት።

«ምኑን ነው ያመመው?» አለኝ።

«አይናገርም።»

ከፈተው። «ይኸው፣ ይሠራል እኮ! ቁልጭ ብሎ ይታያል።»

«ለማን?»

ይሄኔ ማዳመጫውን ሰካን። ያ ጉደኛ «እንኳን ደህና መጡ» ብሎ፣ ሰዓቱን ተናግሮ፣ ባትሪውን ዘርዝሮ፣ እንደ አዲስ ሙሽራ ተሽቆጠቆጠ። ቤቴ ስመልሰው በነጋታው ዝም። እንደገና ስወስደው እንደገና ለፈለፈ። በሁለተኛው ላይ ሽባባው እኔን መጠርጠር ጀመረ።

«እትዬ፣ እውነት ዝም ይላል ወይስ ጨዋታ ፈልገሽ ነው የምትመጪው?»

«እኔ አንተን ፍለጋ? ጨዋታህ እንደ መድኃኒትህ አንድ ነው!»

ሳቀና «እንግዲያው ብርዱ ነው» አለ። «የኔ ሱቅ ሰው ስለሚበዛበት ይሞቃል። ያንቺ ቤት ብርድ ነው። የደባርቅ ብርድ የሰው ጥርስ ያቆላልፍ የለ? ለእሱስ ምን ያዝንለታል?»

አሁን ሳስበው ቀልዱን ነበር። እኔ ግን አመንኩት። ቤቴ ገብቼ ላፕቶፑን በጋቢ ጠቀለልኩት፤ ሁለት እጄ ብቻ በጋቢው ሥር ገብቶ እጽፋለሁ። ያየኝ ሰው ቢኖር ልጅ የማጠባ ይመስለው ነበር። ጋቢው አልበቃ ሲለኝ ወደ ምድጃው አስጠጋሁት። ከሆዱ ያለው ማራገቢያ ሊማሊሞን እንደሚወጣ አይሱዙ ማጓራት ጀመረ። ድምፁ ግን አልመጣም።

ጎንደር ላይ በሪሁን የሚባል፣ እንደኔው የማያይ፣ ከኔ የበለጠ ኮምፒውተር የሚያውቅ ወዳጅ አለኝ። ደወልኩለት።

«ድምፁ ጠፍቶ ሳይሆን ሌላ ቦታ እየሄደ ይሆናል» አለኝ። «ሴቲንጉ ውስጥ ግቢና ወዴት እንደሚሄድ ተመልከቺ።»

«ሴቲንጉን ማን ያነብልኛል?»

«ስክሪን ሪደሩ።»

«እሱ እኮ ነው ዝም ያለው!»

«እህ… እንግዲያው ሲናገር ጠብቂና ተመልከቺ።»

ሲናገር ጠብቄ ተመለከትኩ። «ወደ ጆሮ ማዳመጫ» አለኝ። ሲናገርማ ወደ ጆሮዬ ነው የሚናገረው! ቁልፉን ቤት ውስጥ ቆልፎ ለወጣ ሰው «ግባና ቁልፉን አምጣ» ማለት ይኸው ነው። በሪሁንንም ጠረጠርኩት። እሱም ሊፈተን ይሆን? ከጎንደር ድረስ? ለአንድ ደመወዝ ሰው የማያደርገው የለም አልኩ።

ቅዳሜ ዕለት ደባት አክስቴ ዘንድ መሄድ ነበረብኝና ላፕቶፑንም ይዤው ሄድኩ። ሚኒባሱ ውስጥ ይናገራል። አክስቴ ቤት ቀኑን ሙሉ ይናገራል፤ ብርዱ ደግሞ ደባትም ብርድ ነው፣ ለሰው አያዝንም። ስመለስ ባጃጅ ውስጥ ይናገራል። የግቢያችን በር ላይ ይናገራል። ቤቴ ገብቼ ተቀምጬ፣ ነጠላዬን አውልቄ፣ ትንሽ እንደቆየሁ፣ ዝም!

ከዚህ በኋላ ለማወቅ ትምህርት አይጠይቅም። ነገሩ ያለው ግቢዬ ውስጥ ነው። ግቢዬ ውስጥ ደግሞ ከእኔ ሌላ ያለው አንድ ሰው ነው።

አንዴ ከጠረጠራችሁ ሁሉም ነገር ምስክር ይሆናል። እትዬ ዝማም ድሮ ሳያንኳኩ ነበር የሚገቡት፤ አሁን ደጅ ላይ ይቆማሉ። ተረት መስማት ትተዋል። በሬ ላይ ሲያልፉ «በስመ አብ» ይላሉ፤ ድሮ የሚሉት «አለሽ?» ነበር። አንድ ቀን ደግሞ ደጄ ላይ ቆመው አንገታቸውን ወደ ውስጥ አስግገው፣

«ብቻሽን ነሽ?» አሉኝ።

«ከማን ጋር ልሁን እትዬ ዝማም?»

«እንዲያው ነው። የወንድ ድምፅ የሰማሁ መስሎኝ።»

«የወንድ! እኔ ቤት?»

«እኔ ምን አውቃለሁ ልጄ፣ ሰሞኑን ጆሮዬም አይታመንም።» ሄዱ። ጭራሽ ስሜን ሊያጠፉ ነው አልኩ። ለትርንጎ ቦታ ለማስለቀቅ!

በማግስቱ ጠዋት ስወጣ ደጄ ርጥብ ነው። ዝናብ የለ፣ ውኃ አልደፋሁ። ጎንበስ ብዬ በእጄ ዳሰስኩት፤ ከመቃኔ እስከ ደረጃው ተረጭቷል። አለቀልኝ! መተት ተደርጎብኛል። ኮምፒውተሬን ዝም ያሰኘው ይኸው ነው። አንደበቱን አስረውታል። እስከዚያ ድረስ በኮምፒውተር ላይ መተት ይሠራል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር፤ ግን ለምን አይሠራም? ዘመኑ ሁሉን አሻሽሏል።

ወዲያው የንስሐ አባቴ መምሬ ይትባረክ ዘንድ ሄጄ «አባቴ፣ ጠበል ይስጡኝ» አልኩ። ማሰሮዬን ሞሉልኝ። ደጄን ረጨሁ፣ ግድግዳውን ረጨሁ፣ ላፕቶፑንም ልረጨው እጄን አንስቼ በመጨረሻ ሰዓት ልብ መጣልኝ። በማግስቱ ደጄ እንደገና ርጥብ ሆኖ አገኘሁት። እንደገና ሄድኩ። በሦስተኛው መምሬ ይትባረክ ማሰሮዬን እየተቀበሉ፣

«የእናንተ ግቢ ምን ሊዘራበት ነው?» አሉኝ።

«እንዴት አባቴ?»

«ጠዋት አንዷ ትመጣለች፣ ከሰዓት አንዷ ትመጣለች። ይኼን ያህል ጠበል ለገብስ ብታጠጡት ያፈራ ነበር።»

እትዬ ዝማምም ከመምሬ ይትባረክ ጠበል እየወሰዱ ነው ማለት ነው። ለምን? መተት የሠራ ሰው ጠበል ምን ያደርግለታል? ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ቆም ብሎ ያስብ ነበር። እኔ ግን «ጭራሽ ለማስመሰል!» አልኩ። የጠረጠረ ሰው ጭንቅላት እንደ ግብዝ ዳኛ ነው፤ ፍርዱን አስቀድሞ ጽፎ ነው ምስክር የሚጠራው።

የፈተናው ዋዜማ ደረሰ። ከሰዓት በኋላ ለመጨረሻ ጊዜ ልለማመድ ተቀመጥኩ። አንድ መስመር እንደጻፍኩ ዝም አለ። ነገ ደግሞ በፈታኞች ፊት እንዲሁ ዝም ቢልብኝስ? ጆንያው፣ ድንቹ፣ የወንድሜ ሚስት ጥያቄ ሁሉም ዓይነ ልቡናዬ ላይ መጡ። ማዳመጫውን ነቅዬ ወረወርኩና ግንባሬን ጠረጴዛው ላይ ደፋሁ። ልብ በሉ፤ ጆሮዬን ከፈተንኩበት ከመጀመሪያው ቀን በቀር፣ ማሽኑ ዝም ባለ ቁጥር፣ ድምፁ ይመጣል እያልኩ በማዳመጫው ጆሮዬን ደፍኜ ነበር የምጠብቀው።

አሁን ጆሮዬ ተከፍቷል። ከግድግዳው ወዲያ የመምሬ ይትባረክ የጸሎት ድምፅ ይሰማል።

«ያውልዎት አባቴ» ይላሉ እትዬ ዝማም። «መደርደሪያው ላይ ያለው እሱ ነው። እስካሁን ሲለፈልፍ ነበር፣ እርስዎ ሲገቡ ፈርቶ ዝም አለ።»

እጄ ሳላስበው ቁልፎቹ ላይ ነበርና አንዷን ተጫንኩ።

«ሰ» አለ ከግድግዳው ወዲያ።

«ወይኔ! ሰሙት? ሰሙት አባቴ?»

ድምፁን አወቅኩት! ገበያ መሀል የልጇን ለቅሶ የሰማች እናት እንደምታውቀው አወቅኩት። የኔ ጥርሰ ወላቃ! ሌላ ቁልፍ ነካሁ።

«መ።»

እትዬ ዝማም ጮኹ። ጨዋ ሰው ብሆን ኖሮ እዚህ ላይ ተነስቼ እሄድ ነበር። ግን እውነት መሆኑን ላረጋግጥ ብዬ፣ ለማረጋገጥ ብቻ፣ አንድ ሌላ ነካሁ። እሳቸውም ለማረጋገጥ አንድ ሌላ ጮኹ።

«ማን ነህ?» አሉ መምሬ ይትባረክ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «ከወዴት መጣህ? ተናገር!»

አባት ሲጠይቁ ዝም አይባልም። «እኔ ነኝ» ብዬ ጻፍኩና የማንበቢያውን ቁልፍ ተጫንኩ።

«እኔ ነኝ።»

«አንተ ማን?»

ጻፍኩ። «ጎረቤት ነኝ።»

እትዬ ዝማም በሹክሹክታ፣ «አባቴ፣ የቱ ጎረቤት እንደሆነ ይጠይቁልኝ። ያች የታችኛው ግቢ አዝመራ ሳትሆን አትቀርም፤ ድሮም እጠረጥራት ነበር» አሉ።

«ቆይ እስኪ ዝማም» አሉ መምሬ ይትባረክ። «አነባበቡን ሰማሽው? እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ንባብ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። ሰይጣን እንኳ እንዲህ አድርጎ አያነብም። ይኼ ንባብ ያልጨረሰ ተማሪ ነው።»

በዚህ መሀል ማሽኑ በራሱ ጊዜ «ባትሪ እያለቀ ነው» አለ።

«ደከመው» አሉ እትዬ ዝማም። ትንሽ ያዘኑለትም መሰለኝ።

ከዚህ በላይ መቀመጥ አልቻልኩም። ግድግዳውን በእጄ ተከትዬ እየሮጥኩ በራቸው ላይ ደረስኩና «እትዬ ዝማም፣ እኔ ነኝ!» አልኩ።

«አንቺስ ደግሞ የትኛዋ ነሽ?» አሉኝ፣ ከመምሬ ጀርባ ሆነው።

ነገሩን ለመፍታት ጊዜ ወሰደ። መዝሙር ያለበትን ፍላሽ ትርንጎ ይዛው ከሄደች ወዲህ፣ እትዬ ዝማም ስፒከሯን ራዲዮ ፍለጋ ሰዓት ሳይመርጡ ይከፍቷታል። ስፒከሯ ደግሞ እንደ ተሸጠች በቅሎ ናት፤ ልጓሟ ሲፈታ ወደ ቀድሞ ጌታዋ ደጅ ትሄዳለች። በተከፈተች ቁጥር በግድግዳው አልፋ የእኔን ላፕቶፕ ትይዘዋለች፤ ድምፁን ሁሉ ጠቅልላ እትዬ ዝማም ቤት ትወስደዋለች። እሳቸው ደንግጠው ሲያጠፏት ደግሞ ድምፁ ወደ እኔ ጆሮ ይመለሳል። ሽባባው ሱቅና ደባት ድረስ ክንዷ አይደርስም።

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?» አልኳቸው።

«ምን ብዬ ልንገርሽ ልጄ? ዕቃሽ ውስጥ የገባ አለ ልበልሽ? ያውም በፈተና ሰሞን? እንዳልመልስልሽም፣ ጤነኛ ዕቃ ወስጄ በሽተኛ እንዴት እመልሳለሁ? ደግሞ ሰው ያማል! ዶሮ ስለጠፋባት አንዲት ሴት ሲያማ፣ ሲያማ…» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ቁርጥ ሰው ነው የሚያወራው።»

ወሬውን ቶሎ ቀየርኩ። «ደጄ ላይ የተረጨውስ?»

«ጠበል ነዋ! ነገሩ ግድግዳውን አልፎ አንቺንም እንዳይነካሽ ብዬ በየማለዳው እረጭልሽ ነበር። ያለ አንቺ ማን አለኝ?»

እኔ ያን ርጥበት መተት ብዬው እንደነበር እንዴት እነግራቸዋለሁ? መምሬ ይትባረክ ግን ገብቷቸዋል፤ ማሰሮዎቹን የሞሉት እሳቸው ናቸው። «ከአንድ ጉድጓድ እየቀዳችሁ እርስ በርስ ስትረጫጩ ከረማችሁ» ብለው እየሳቁ ተነሱ። «ዝማም፣ ዕቃዋን መልሺላት።»

«አጥቤ ነገ እመልስላታለሁ።»

«እንዳያጥቧት!» ብዬ ጮህኩ።

በማግስቱ ጠዋት ትርንጎና እኔ ፈተናው ቦታ ተገናኘን። አንድ በአንድ ነው የሚያስገቡት። እሷ ገብታ ወጣች፤ ተራዬ ደረሰ። ብሉቱዙን ማታውኑ አጥፍቼዋለሁ፤ ማዳመጫዬን ሰክቼ ተቀመጥኩ። ገና መጻፍ ስጀምር ከፈታኞቹ አንዱ፣

«ጆሮሽ ላይ ማነው ያለው?» አለኝ።

«ኮምፒውተሩ።»

«ኮምፒውተሩ ምን ይልሻል?»

«የጻፍኩትን ያነብልኛል።»

«በስልክ ሰው እያስነገራት ቢሆንስ?» አለች አንዲት ሴት ፈታኝ፣ እኔ የሌለሁ ይመስል። አልፈረድኩባትም። እኔስ ከዚያ በላይ ስጠረጥር ከርሜ የለ!

«ማዳመጫውን ንቀይውና እኛም እንስማ» አለ ሰውየው።

ነቀልኩት። ትንኟ ጣሳዋ ውስጥ ሆና «እዝ» አለች። ማንም አልሰማም፤ በኮሪደሩ ጫጫታ እኔም አልሰማሁም። ሳልሰማ ደግሞ አልጽፍም። ሥራዬ፣ ጆንያዬ፣ ሁሉም እዚያች ጣሳ ውስጥ ሲሰምጥ ታወቀኝ።

በሩ ተንኳኳ። «ይቅርታ ጌቶቼ» አሉ እትዬ ዝማም። ትርንጎን ሊሸኙ መጥተው ደጅ ቆመው ሲያዳምጡ ነበር፤ ማዳመጥማ ያውቁበታል። «የዚችን ልጅ ዕቃ ልመልስላት ብዬ ነው።»

ሰፌድ እጄ ላይ አስቀመጡ። ሰፌዱ ላይ ሞቅ ያለ የገብስ ቆሎ አለ፤ የተዋሱት ዕቃ ባዶውን አይመለስም። ቆሎው መሀል ስፒከሬ ተቀምጣለች። ፈታኞቹ ምን እንዳሉ አላውቅም፤ አንዱ ግን ወዲያው ሲቆረጥም ሰምቻለሁ።

ብሉቱዙን አበራሁ፣ ስፒከሯን ከፈትኩ። ተያያዙ። ነገር ግን ቸኩዬ ሌላ ቁልፍ ነክቼ ኖሮ፣ በፈተናው ወረቀት ፋንታ ትናንት ማታ የጨረስኩት የዶሮዋ ታሪክ ተከፈተ። ያ ጥርሰ ወላቃ ክፍሉን እስኪሞላው ድረስ ማንበብ ጀመረ። «ሴትዮዋ ወደ ሦስተኛው ድስት ጎንበስ ብላ…»

እትዬ ዝማም በሩ ላይ ቆመዋል! ላቆመው ቁልፉን ስፈልግ ሰውየው «ተይው እስኪ» አለኝ። ተውኩት። ሴትዮዋ ድስት እያሸተተች ሰፈሩን ዞረች። ሽሮ አሸተተች፣ ምስር አሸተተች፣ አንድ ቤት የፈላ ልብስ አሸተተች። በመጨረሻ ቤቷ ስትገባ፣ ዶሮዋ ከራሷ ጎታ ሥር ጫጩቶቿን አስከትላ እየተንጎራደደች ወጣች። ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። ሴቲቱ ፈታኝ «ወይ ሴትዮ! እቤቷ አስቀምጣ!» እያለች ጠረጴዛውን መታች። ከሁሉም በላይ የሚስቁት ደግሞ እትዬ ዝማም ነበሩ።

ከዚያ ወዲያ ማንም ስለ ስልክ አላነሳም። የፈተናውን ጽሑፍ እያነበቡልኝ ጻፍኩ፤ ስፒከሯም እያንዳንዱን ፊደል ለሁሉም ጠራች።

ወደ ቤት ስንመለስ እትዬ ዝማም ክንዴን ይዘው፣ ታሪኬን ሳያነሱ መሩኝ። የመንገዱን እኩሌታ ስንደርስ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣

«ያች ድስት አሽታቿ… የታችኛዋ አዝመራ ናት አይደል?» አሉኝ።

«እንዲያው… ታሪክ ነው እትዬ ዝማም።»

«ጠርጥሬ ነበር!» አሉ፣ እጄን ጠበቅ አድርገው። «ገና ሰይጣን ነው ስል ጠርጥሬያለሁ። ቁርጥ እሷ።»

ሥራውን አገኘሁት። ትርንጎ ሁለተኛ ወጣች፤ ደባት ሌላ ቦታ ተመዝግባ ትጠብቃለች። ባለፈው ወንድሜ ጆንያ ሊልክ ሲል «አይ፣ ተወው» አልኩትና ለሚስቱ ሻርፕ ላክሁላት። «ለምን ላከችልኝ?» ብላ ጠርጥራለች አሉ። ትጠርጥር፤ ተራዋ ነው።

ይህን ወግ የጻፍኩት ዛሬ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ነው። ስፒከሯ የለችም፤ ለትርንጎ ሽምግልና ድግስ «ለአንድ ቀን» ሄዳለች። ጽፌ ስጨርስ ከመጀመሪያው አስነብቤ ልረመው ብዬ፣ ማዳመጫዬን ሰክቼ ቁልፉን ተጫንኩ። ዝም። ትንሽ ጠበቅኩ። ዝም። ብሉቱዙን ከፈተናው ቀን ወዲህ አለማጥፋቴ ትዝ ያለኝ ከብዙ ጥበቃ በኋላ ነው።

ማዳመጫውን ነቀልኩ። ከግድግዳው ወዲያ የኔ ጥርሰ ወላቃ ዘና ብሎ ያነባል። ድስቱን አልፏል፣ ሽሮውን አልፏል፣ «ጠርጥሬ ነበር» የተባለበት ላይ ደርሷል። ድግሰኛው ሁሉ ጸጥ ብሎ ያዳምጣል። ተንደርድሬ አቆምኩት፤ ማን ምን እንደሰማ፣ እትዬ ዝማምም ስማቸው ያለበትን ሰምተው እንደሆነ ግን አላወቅኩም።

ጥቂት ቆይቶ ግድግዳው ተንኳኳ።

«ልጄ» አሉ እትዬ ዝማም። «እና አዝመራ ካልሆነች፣ ያች ሴትዮ ማን ናት?»